«ዘመድ» በሚለው መስመር ላይ

ጎልዌይ፣ አየርላንድ
ጃንዋሪ 8 ቀን 2023

ለማከብርዎ ለአክስቴ ለአሌያማ፣

የልደቱ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እግርዎን ያጽናልዎ፣ ወደ ቤትዎ የሚያወጣውን ስድሳ አንድ ደረጃ ያሳጥርልዎ። ባለቤቴ ቢኖይና ልጃችን ጉልበትዎን ይስማሉ። እኛ በጤና አለን። እዚህ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ካልሆነ አይነጋም፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል፤ ሌላ የሚያማርረን ነገር የለም።

ለገና እመጣለሁ ብዬ የቀረሁበትን ምክንያት ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ፈቃድ ተከልክዬ ነው ማለት ይቀለኝ ነበር። አልተከለከልኩም። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ለበዓሉ የሚገባ ሰው ሲጠፋ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ለምን እንዳወጣሁ ሲገባኝ እጽፍልዎታለሁ።

አሁን የምነግርዎትን ሳይቆጡ ያንብቡ። እዚያ አገር ቤት ለአረጋውያን የተከፈተ የስልክ መስመር አለ። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች እየደወሉ ይጠይቃሉ፤ ችግር ካለም ለሚመለከተው ቢሮ ያስተላልፋሉ። እርስዎን አስመዝግቤያለሁ። በየማክሰኞው ጧት አራት ሰዓት ላይ ይደውሉልዎታል። የእኔንም ስም፣ ስልክና ሥራ ሰጥቻለሁ። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደር ፖስታ ቤት ያስተዳደረ ሰው ነፋስ የሚወስደውን ወሬ አያምንም። ለእኔ ሲሉ አንሱት። አጎቴ ካረፈ ወዲህ በዚያ ኮረብታ ላይ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚውሉትን ቀን ሳላስበው እቆጥራለሁ።

የመንደሩ ምክር ቤት የሚልካት ነርስ፣ ኦማና፣ አሁንም በየሁለት ሐሙሱ ትመጣለች? የእግር ጣትዎ ቁስል እንዴት ነው? ስኳርዎስ? እንደ ፖስታ ቤት ሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ፣ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሦስት ዓመት ከቤትዎ ትምህርት ቤት ያመላለሷት፣
ጂንሲ


ኔላማላ፣ ኬረላ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023

ለልጄ ለጂንሲ፣

ጾሙ ትናንት ገባ፤ በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈታን። አንቺንና ቤትሽን እመቤታችን በጥላዋ ትጋርድ። ቢኖይን ሰላም በይው። የልጅሽን ስም በጸሎት ስጠራ ፊቷን ስለማላውቀው ያንቺን የሰባት ዓመት ፊት ነው የማየው።

ደብዳቤሽ በሃያ ስድስት ቀን ደረሰኝ። በእኔ ጊዜ ከአውሮፓ አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ተቆጥቼ ነበር፣ አልደብቅሽም። ጥሪው ከደብዳቤሽ ቀድሞ መጣ፤ በመጀመሪያው ማክሰኞ ስልኩን አሥራ ሁለት ጊዜ አስጮህኩት። በአሥራ ሦስተኛው አነሳሁ። ልጅቷ ሻይኒ ትባላለች፤ ድምጿ የሃያ አራት፣ የሃያ አምስት ዓመት ነው። ከወረቀት እያነበበች ትጠይቃለች። ወድቀዋል ወይ? መድኃኒት አልቋል ወይ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? ቁርስ በልተዋል ወይ? አንቺስ አልኳት። «እማማ፣ ዛሬ ሃያ ሁለት ሰው ጋ ደውያለሁ፤ መልሶ የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። አልበላችም ነበር። ስልኩን ዘግታ ሄዳ እንድትበላ አዘዝኳት። በሚቀጥለው ማክሰኞ በልታ ነው የደወለችው።

አንቺ ምኔ እንደሆንሽም ጠይቃኛለች። ነገርኳት።

አሁን ሰኞ ማታ ማክሰኞ እንደሚመጣ አስባለሁ። ፀጉሬን አበጥራለሁ። ለስልክ ፀጉር የምታበጥር ሞኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ኦማና ግን ፌብሩዋሪ 9፣ ሐሙስ ዕለት፣ አልመጣችም። ከዚያ በፊት በነበረውም አልመጣችም። የምክር ቤቱ ጂፕ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ያ ጂፕ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ነበረበት። ቁስሉን እኔው በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ቁጥር ጠይቀሽኛል፤ መለኪያውን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት።

ሌላ ምንም አያስፈልገኝም። ልጅሽ መጻፍ ከጀመረች ግን ስሟን በእጇ ጽፋ ላኪልኝ።

አክስትሽ አሌያማ


ጎልዌይ
ኤፕሪል 2 ቀን 2023

ለአክስቴ ለአሌያማ፣

የሆሣዕና በረከት ይድረስዎ። በዚህ ሰዓት ዘንባባ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ይሆናል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ከዚያ ደረጃው ትዝ አለኝና ተውኩት።

መልስ ያዘገየሁት በሁለት የሥራ ቦታ መሐል ስለምሮጥ ነው። መጦሪያው ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣ ዘጠና ዓመቷ ነው፤ በልጇ ስም ትጠራኛለች። መጀመሪያ አርማት ነበር። አሁን አቤት እላለሁ። ልጇ ከዚህ አርባ ደቂቃ በመኪና ትኖራለች ይባላል፤ በአራት ዓመት አይቻት አላውቅም። ልፈርድባት እጀምርና አፌን እይዛለሁ።

የልጄን ጽሕፈት አያይዤአለሁ። ሁለተኛዋ ፊደል ወደ ኋላ የዞረችው ስህተት አይደለም ትላለች፣ ወደ ሕንድ እያየች ነው አሉ።

አሁን እንደ ነርስ ልጠይቅዎ፣ እንደ ነርስም ይመልሱልኝ። ቁስሉ በክብሪት እንጨት ሲለካ ስንት እንጨት ነው? ጠርዙ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ይሸታል? እግርዎ ማታ ያብጣል? ኦማና ከመጣች ስንት ሐሙስ ሆነ? ከፈለጉ ከድርጅት የቤት ነርስ ልቅጠርልዎ።

በሜይ ለመምጣት እየሞከርኩ ነው።

ጂንሲ


ኔላማላ
ኤፕሪል 27 ቀን 2023

ለልጄ ለጂንሲ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል፤ ለአንቺም ከድካምሽ መነሣትን ይስጥሽ።

ጽሕፈቷ ደርሶኛል። መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ስለ ተቀጣሪዋ ነርስ፦ ረስተሽው እንጂ አምና ሁለት ልከሽልኝ ነበር። አንደኛዋ ደረጃው መሐል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሁለተኛዋ ሦስት ቀን አደረችና ቴሌቪዥን የሌለበት ቤት እስር ቤት ነው ብላ ሄደች። እስር ቤት ውስጥም ቴሌቪዥን አለ ብላኛለች፣ ታውቃለች ማለት ነው።

የኦማናን ነገር አሁን ደረስኩበት። በፋሲካ ማግስት መጣች። ያለ ነጭ ልብሷ፣ ያለ ቦርሳዋ፣ ሙዝ ይዛ።

«ዛሬ ነርስ አይደለሁም፣ እንግዳ ነኝ» አለችኝ ገና በሩ ላይ። «እግርዎን ካሳዩኝ አያለሁ። ከነካሁት ግን መዝገብ ላይ መጻፍ አለብኝ፣ ከጻፍኩ ደግሞ ጉድ ይፈላል።»

«እንግዳ ከሆንሽማ ቁጭ በይና ሙዝሽን አብረን እንብላ።»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ተዛውረዋል።»

«የት?»

«ስልክ ውስጥ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ እኔም እንዳስረዳችኝ እጽፍልሻለሁ።

ካቻምና ከታች ሰፈር ሽማግሌው ኩርያን የሞተበትን ሁኔታ አልሰማሽም ይሆናል። ከስልክ መስመሩ ሦስት ቀን ተደወለለት፣ አላነሳም። ለምክር ቤቱ አስታወቁ። ምክር ቤቱ የስልኩ ሰዎች ራሳቸው ሰው ልከዋል ብሎ ተቀመጠ። የስልኩ ሰዎችም ምክር ቤቱ ሄዷል ብለው ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን የጎማ ዛፍ የሚቆርጡ ሠራተኞች ናቸው ያገኙት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቢሮዎች ተሰብስበው ሥራውን ተካፈሉ። አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ላይ አይጻፍም። የሚከታተለው ዘመድ ያለው ወደ ስልኩ፤ እነሱ ይደውላሉ፣ የሆነ ነገር ካለ ለዘመዱ ይነግራሉ። ማንም የሌለው ወደ ምክር ቤቱ፤ እነሱ በእግራቸው ይሄዳሉ። ውሉ የጸናው በዚህ ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ ነው።

ሕጉ ክፉ አይደለም። እኔ ብሆን እንደዚሁ እጽፈው ነበር። ለሁለት ፖስተኛ የተሰጠ ደብዳቤ አይደርስም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይኸውልሽ። ሻይኒ በመጀመሪያው ቀን «ጂንሲ ምንዎት ናት?» ስትለኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቅኩ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበርና፣ ልጄ ናት አልኳት። ነርስ ናት አልኳት። በየእሑዱ ትደውላለች፣ በየገናው ትመጣለች አልኳት። ልጅቷ የሰማችውን ጻፈች። ኦማና መዝገቡን አይታዋለች፤ «ዘመድ፦ ሴት ልጅ። ሥራዋ፦ ነርስ። ክትትል፦ በየሳምንቱ» ይላል።

ሰው በጉራው ጌጥ ይሸለማል ሲባል ነው የማውቀው። እኔ የሚያጥበኝን እጅ ሸጥኩበት።

አታስቢ። ቁስሉ እንደነበረው ነው።

አክስትሽ አሌያማ


ጎልዌይ
ሜይ 14 ቀን 2023

ለአክስቴ ለአሌያማ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጤናዎ የጠየቅኩዎትን አምስት ጥያቄ አልመለሱልኝም። «እንደነበረው ነው» የሚለውን ቃል እኔ በሥራዬ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሦስት ጠዋት ሥራ አስፈቅጄ ስልክ ስደውል ነው የዋልኩት። በመጀመሪያ ለስልክ መስመሩ። ኃላፊዋ ጥሩ ሰው ናት፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ እኛ ጆሮ ነን፣ እጁ እነሱ ናቸው» አለችኝ። በጆሮ ቁስል አይታሰርም። ቤት ሄዶ ማከም የምክር ቤቱ ድርሻ ነው፣ ለምክር ቤቱ ደብዳቤ እንጽፋለን አለች፣ ጻፈችም። ምክር ቤቱ ደግሞ ስሟ በእናንተ መዝገብ ላይ ነው ብሎ ደብዳቤውን መለሰው። በሁለት ቀን ውስጥ መመለሱ ያስመሰግነዋል።

ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ለሱዳካራን ደወልኩ። ነርስ ልጅ ላላት ሴት ነርስ ልኮ ነገ ኦዲተር ቢመጣ ምን እንደሚለው ጠየቀኝ። እኔ እኮ አየርላንድ ነኝ አልኩት።

«ታዲያ መጥተሽ አንድ ፋሻ ጠቅልዪላታ» አለኝ።

ሰድቦኝ ከሆነ ብዬ ድምፁን አዳመጥኩ። አልሰደበኝም። በእጁ ያለችው ነርስ አንድ ናት፣ በመዝገቡ ላይ ማንም የሌላቸው ዘጠና አራት ሰዎች አሉ።

መፍትሔው አንድ ነው። ወደ ምክር ቤቱ መዝገብ ለመመለስ የአረጋዊው የራሱ ፊርማ ያስፈልጋል። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፦ ልጅ የለኝም፣ የሚከታተለኝ ዘመድም የለኝም የሚል። ሱዳካራን ይዞት ይመጣል። እባክዎ ይፈርሙ። እኔ ልጅዎ አይደለሁም፤ የባልዎ የእህት ልጅ ነኝ። በወረቀት ላይ ይህን ማለት ምንም አይጎድልብንም።

ለሜይ ያልኩት አልሆነም።

ጂንሲ


ኔላማላ
ሜይ 30 ቀን 2023

ለጂንሲ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ሱዳካራን ደረጃውን ወጥቶ መጥቷል፤ ላቡ ቅጹ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር። ሻይ ሰጥቼ መለስኩት። አልፈረምኩም።

በፖስታ ቤት አንድ ማህተም ነበረን፤ «ተቀባዩ አይታወቅም» የሚል። በሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ፖስታ ላይ መትቼዋለሁ። የማውቀው ሰው ፖስታ ላይ ግን አንድም ቀን አልመታሁትም።

ዝናቡ ሊገባ ነው።

አክስትሽ አሌያማ


ጎልዌይ
ጁላይ 3 ቀን 2023

ለአክስቴ ለአሌያማ፣

ለዚህ ደብዳቤ ምርቃት አጣሁለት። ይቅር ይበሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሻይኒ ደወለችልኝ፣ ከራሷ ስልክ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ለቤተሰብ መደወል አይፈቀድላትም፤ ለማንም እንዳልናገርባት ለመነችኝ። ያለፈው ማክሰኞ ስልኩን እስኪያነሱ ሃያ ሰባት ጊዜ ጮኸ አለችኝ። መቆም አቅቶዎት በመቀመጫዎ እየተጎተቱ እንደደረሱ ነግረዋታል፤ እንደ ቀልድ አድርገው ነው የነገሯት። እሷም በመጀመሪያ ስቃለች። ከዚያ ቤትዎ ውስጥ የማይጠፋ ሽታ እንዳለና ከየት እንደሆነ እንዳላወቁ ነግረዋታል።

አክስቴ፣ ከየት እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። በዚህ አያያዝ ከጣትዎ አልፎ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ከዚያ እግሩን ይወስዱታል። አንድ እግር ያላት ሴት ያንን ደረጃ አትወርድም፤ የሚሸከማትም የለም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ብቻ አሥራ አራት እግር አጥቤአለሁ፣ ሁሉም የሌላ ሰው እናት እግር ነው።

ማህተሙን ጽፈውልኛል። ስለዚህ ስለ እውነት እንነጋገር። ካየሁዎት ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በየእሑዱ አልደውልም፤ ካልደወልኩበት እሑድ ይልቅ የደወልኩበትን መቁጠር ይቀላል። ባለፈው ዓመት የዚህን አገር ዜግነት ወስደናል፣ አልነገርኩዎትም። ቤትም ገዝተናል፣ እሱንም አልነገርኩዎትም፣ ምክንያቱም እርስዎ ኮረብታው ላይ ያለውን ክፍሌን በየሳምንቱ እንደሚጠርጉት አውቃለሁ። ለገና እጄን ያወጣሁት ለምን እንደሆነ ሲገባኝ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ገብቶኛል። መጥቼ ካየሁዎት ጥዬዎት መመለስ እንደማልችል ስለማውቅ ነው። መመለስ ደግሞ አለብኝ።

በእነዚህ ስድስት ዓመታት በእጄ ያደረግኩልዎትን አንድ ነገር ይንገሩኝ። አንድ። ከቻሉ አይፈርሙ።

እኔ በበኩሌ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ አስታውቄአለሁ። ልጇ አይደለሁም፣ አልከታተላትም፣ ወደፊትም አልችልም ብዬ በስሜ ፈርሜ ልኬአለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ማህተም ለመምታት የማያውቁት ሰው ካስፈለገዎት፣ ይኸው፣ እኔን አያውቁኝም።

ጂንሲ


ኔላማላ
ኦገስት 17 ቀን 2023

ለጂንሲ፣

ፍልሰታን ከፈታን ሁለተኛ ቀናችን ነው። የጾመ ሁሉ እንደ ልቡ ያግኝ።

ደብዳቤሽ ጁላይ 13 ደረሰኝ። አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት። በማግስቱ ሱዳካራንን አስጠርቼ ፈረምኩ። ብዕሩ አልጽፍ ብሎ ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረብኝ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ኦማና በነጭ ልብሷ መጣች። ፋሻውን እንደፈታችው ወደ ምክር ቤቱ ደወለች፤ ያኔ ነው የፈራሁት። ያ የተረገመ ጂፕ መጣ። አራት ሰዎች በወንበር ተሸክመው አወረዱኝ፣ ደረጃውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ። ስድሳ አንድ አይደለም፣ ስድሳ ነው ብለው እታች ሲደርሱ ከእኔ ጋር ተከራከሩ። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ሁለት ጣት ወሰዱ። እግሩ ተርፏል። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አሁን ኦማና በየሐሙሱ ትመጣለች፣ ዛሬም መጥታ ነበር። ቁስሉ አንድ ክብሪት እንጨት ከግማሽ ነው። ጠርዙ ቀይ ነው። አይሸትም። ማታ ትንሽ ያብጣል። ስኳሩ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ነው። አምስቱን ጥያቄሽን መልሻለሁ።

ማክሰኞ ግን አይደወልም። ሻይኒ በመጨረሻው ቀን፣ «እማማ፣ አስረክቤዎታለሁ» አለችኝ። ለማን እንዳስረከበችኝ ስሙን አነበበችልኝ፣ ቢሮ ነው። ሌሎቹ ሃያ አንዱ መልሰው እንዲጠይቋት ታስለምዳቸው ዘንድ መከርኳት። አልለመዱም ይሆናል።

አሁን የምጽፍልሽን እንደ ትእዛዝ አንብቢው።

በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ያለ ሰው በየዓመቱ ይጣራል። ማንም የለኝም ብሎ የፈረመ እውነት ማንም የሌለው መሆኑን ጎረቤት ይጠየቃል። ባለፈው ሳምንት ሱዳካራን መጣ። የሚጠይቀው ጎረቤት ስላጣ ፖስተኛውን ሳሲን ደረጃው ሥር አግኝቶ ጠየቀው። ሳሲን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። እኔ ከላይ በረንዳው ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ከውጭ ደብዳቤ ይመጣላታል?»

ሳሲ ቦርሳውን አየ። ካንቺ የመጣ ነገር በዕለቱ አልያዘም ነበር፣ ያዘም አልያዘም ግን የጥያቄው መልስ አንድ ነው።

«ለማን? ለእሷ? አይመጣም» አለ።

ጸሐፊው ጽፎ ሄደ። ሳሲ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አልደበቅኩም፣ አልከፈትኩም፣ አልቀየርኩም፤ ያሳደግኩት ልጅ በእኔ ምክንያት ሲዋሽ በጆሮዬ ሰማሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አላስዋሸውም። የፈረምኩትንም ወረቀት ሐሰት አላደርገውም። ማንም የለኝም ብዬ ከፈረምኩ፣ እንዲሁ መኖር አለብኝ። ዘጠና አራቱ ሰዎች እንዲሁ ነው የሚኖሩት፤ እኔ ዘጠና አምስተኛ ሆኜ ስገባ ከአንዳቸው ሐሙስ ላይ ቆርሼ ነው።

ስለዚህ አትጻፊልኝ። አትደውዪልኝ። ይህን በቁጣ የጻፍኩት አይደለም። ያንቺን የጁላይ ደብዳቤ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ምርቃት የሌለው እሱ ብቻ ነው።

ኦማና አዲሱን ካርድ ስትሞላ ስሞት ለማን እንደሚነገር ጠይቃኛለች። ለምክር ቤቱ በይ አልኳት። ጻፈች።

አንቺ ግን ሳትሰሚ አትቀሪም። ከዚህ አገር የሄደ ሰው ሁሉ በያለበት ጧት ተነሥቶ የጋዜጣችንን የሙታን ገጽ በስልኩ እንደሚከፍት አውቃለሁ፤ አንቺም ትከፍቻለሽ። ፎቶዬን መርጬ ለቄሱ ለአባ ሰጥቻለሁ፣ ጽሑፉንም ራሴ አርቅቄአለሁ፤ ሦስት መስመር ነው። «ልጅ» በሚለው ላይ «ጂንሲ፣ ነርስ፣ አየርላንድ» ይላል። ያንን ገጽ ኦዲተር አይመረምረውም፣ በዚያን ቀንም የማንም ሐሙስ አይነካም።

እስከዚያው ድረስ በየጧቱ እዪው። ካላገኘሽኝ ደህና ነኝ።

አሌያማ